አምፖሉን ተዉት፣ ምጣዱን ጠይቁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ያወጣችሁትን ምክር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከክፍል ስትወጡ አምፖል አጥፉ፣ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ አትሂዱ፣ ቴሌቪዥኑን በሪሞት ብቻ አታጥፉ ይላል። ስህተት የለበትም። ግን የጻፈው ሰው እንጀራ ገዝቶ የሚበላ መሰለኝ። ከላይ እስከ ታች ስለ ምጣድ አንድ ቃል የለም!

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ ነው፣ ቀበሌ ቤት። ጡረተኛ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ክፍል ሠርቼ ነው የወጣሁት። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤት አለ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። «አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ» ተብሎ የቆጣሪው ደብተር እኔ እጅ ከገባ ስምንት ዓመት ሆነው። ወር በመጣ ቁጥር ቁጥሩን አነባለሁ፣ ሒሳቡን አካፍላለሁ፣ ብሩን እሰበስባለሁ፣ ከዚያ እሰደባለሁ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ከሰማሁት ሳይሆን ከደብተሬ ነው።

መጀመሪያ የአምፖሉን ነገር እንጨርሰው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አሮጌውን አምፖል መልሳችሁ ኃይል ቆጣቢውን ውሰዱ ተብሎ ሲታደል ትዝ ይላችኋል። እኔም አራት አምፖል በፌስታል ይዤ ተሰልፌ ቀይሬአለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ በየሱቁ አለ። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። የእንጀራ ምጣድ 3,750 ዋት ግድም ይስባል። አንድ ሰዓት ከተሰካ 3.75 ኪሎ ዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ባለ 9 ዋቱ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ይህን ለመብላት 83 ቀን ይፈጅበታል። የድሮው ባለ 60 ዋት እንኳን 12 ቀን ተኩል ይወስድበታል። እና እኔ ልጄን «አምፖል አጥፊ» ብዬ ስቆጣ፣ ምጣዱ ጓዳ ተቀምጦ ይስቅብኛል።

ይህን ያወቅሁት ወረቀት ላይ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ግቢው ሳይነሳ፣ ዱካዬን ይዤ ቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ። የፊት ቤቷን ፍሪጅ ለምኜ አስነቀልኩ። ልጄ ምጣዱን ስትሰካ ቁጥሩን ጻፍኩ። ምጣዱ እስኪግል፣ በጎመን ዘር ታሽቶ እስኪሟሽ፣ 20 ደቂቃ ፈጀ። ቆጣሪው 1.25 ጨምሯል። ገና አንድ እንጀራ አልተጋገረም። ከዚያ አሥራ ስድስት እንጀራ ወጣ፣ አንዱ ሦስት ሦስት ደቂቃ። ስንነቅል በጠቅላላ 4.25 ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቴ ከቤቷ ብቅ ብላ «ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ ግድግዳ ላይ ያፈጠጥሽው?» አለችኝ።

እንግዲህ በግቢያችን ከስድስቱ ቤት አምስቱ ይጋግራል። ስድስተኛው ላጤ ነው፤ እንጀራውን ከሱቅ ነው የሚገዛው። አምስቱም በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን፣ ሁሉም በየራሱ ምጣድ፣ ሁሉም በየራሱ ሰዓት። አሥር ጊዜ ማሟሸት ማለት ነው። ማሟሸቱ ብቻ በሳምንት 12.5፣ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት። ምንም ሳይጋገርበት! የቆጣሪያችን የወር ድምር 300 ግድም ነበር፤ አንድ ወር 312፣ አንድ ወር 298። ከዚያ ውስጥ 170ው (4.25 በሳምንት አሥር ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት) የምጣድ ነው። ቀሪውን ነው ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ምድጃውም፣ አምፖሉም የሚከፋፈሉት።

ሠፈራችን ውስጥ ምጣድ የሚጠግን ሰው አለ። ሽቦ ሲበጠስ እሱ ጋ ነው የምንሮጠው። አንድ ቀን የእኔን ገልብጦ አሳየኝ። ሸክላው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ እየዞረ ተቦርቡሯል፣ ሽቦው እዚያ ቦይ ውስጥ ተኝቷል፣ በላዩ ጀሶ ተለስኖበታል። ከጀሶው በታች ባዶ ነው። ከዚያ ቆርቆሮው። «ሽቦው ከሥር ነው ያለው፤ ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ ሂድ ብትይው ይሰማሻል?» አለኝ። አይሰማም። ለካ እኔም ዓመታት ሙሉ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው። ድመታችን የጋገርን ቀን የምትተኛው የት መሰላችሁ? ምጣዱ ጠረጴዛ ሥር። እኔ ድመቷ ምጣዱን የወደደችው የሊጥ ፍርፋሪ ፍለጋ ነበር የሚመስለኝ። ለካስ በእኔ ብር እሳት ትሞቃለች።

ጠጋኙ ከተጣለ ኦቭን ውስጥ ያወጣው ፋይበር ግላስ ነበረው። ያ ቢጫ፣ ጥጥ የሚመስል፣ ሲነኩት የሚያሳክክ ነገር። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ ጓንት አድርጎ፣ በጀሶውና በቆርቆሮው መካከል ሞላልኝ። ክዳኑንም አስተካከለው፤ በአንድ በኩል ተጣሞ እንፋሎቱ በዚያ ሲያመልጥ ነበር የኖረው። ከዚያ ወዲህ 20 ደቂቃ የነበረው ማሟሻ 16 ሆነልኝ። አራት ደቂቃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ድመቷ ግን ቦታ ቀየረች። ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጻፍ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ስፖንጅ፣ ሰጋቱራ፣ አሮጌ ጨርቅ ልጠቅጥቅበት ይላል። ቤታችሁን እንዳታቃጥሉ። የሚቀጣጠል ነገር ምጣድ ሥር አይገባም። ደግሞ ምጣዱ የሚነዝራችሁ ከሆነ እንጨት ላይ ቆሞ መጋገር መፍትሔ አይደለም፤ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ሌላም የተማርኩት አለ። ሸክላ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምጋግራቸው። የመጨረሻዋ ዓይኗ ትንሽ ያንሳል፤ እሷን ለፍርፍር ነው። ከዚያ በኋላም ምጣዱ ትኩስ ነው፤ የተረፈውን እንጀራ ቆራርጬ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ድርቆሽ አደርግበታለሁ። እናቴ በማገዶ ስትጋግር ፍሙን ታዳፍነው ነበር፤ ለማታ ወጥ። አንዲት ፍም በከንቱ አትጠፋም። ወደ ኤሌክትሪክ ስንዞር ፍሙ ስለማይታይ ነው መሰለኝ ያን ሁሉ ዕውቀት የረሳነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከፋይበር ግላሱ አይደለም። «ለምን በአንድ ምጣድ ተራ አንጋግርም?» ብዬ ግቢውን ሰበሰብኩ። ኡኡታውን አልነግራችሁም። የአንዷ ሊጥ ሰርገኛ ነው፣ የአንዷ ከሩዝ ጋር ቅይጥ ነው፣ አንዷ «የእኔ ሊጥ ኩፍ ካለ ወረፋ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል» ትላለች። እውነቷን ነው። ማን ቀድሞ ይጋግር የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ። የመጀመሪያው እንጀራ ማሟሻ ስለሆነ አያምርም፤ ማሟሻ ለመሆን ማን ይፈልጋል? በመጨረሻ ዕጣ አወጣን። እንደ ዕቁብ። ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ በተራ። የዛሬ አንደኛ የሚቀጥለው ጊዜ መጨረሻ ይሆናል። አብሲቱ የሚጣለው በተራው ልክ ተቆጥሮ ነው። ልጆቹ «የምጣድ ዕቁብ» ብለው ስም አወጡለት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ማሟሸቱ በሳምንት ከአሥር ወደ ሁለት ወረደ። በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ቆጣሪ 258 አነበበ። እኔ ሒሳብ ክፍል በነበርኩበት ዘመን እንኳን ቁጥር እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም።

ሽቦው ሲበጠስስ? ተበጥሷል፣ ሁለት ጊዜ። ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ብር አዋጥተን አሠራን። ጭቅጭቁ አልቀረም፤ «አንቺ ሊጥ አፍስሰሽ ነው» «አንቺ ነሽ በቢላ የፋቅሽው» መባባሉ እስካሁን አለ። ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሠራው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ። የመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እዚያ እርከን ላይ የነበረው 27 ሳንቲም ግድም ዋጋ በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እንኳን አልተነካም ነበር፤ የጨመረው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል አዲስ ታሪፍ መጥቷል፤ እርከኑ ግን አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ድሀ ትንሽ ይጠቀማል፣ ትንሽ ይክፈል ነው ነገሩ።

እንግዲህ 300ን ለስድስት አካፍሉት። 50 ይመጣል። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን አብዛኞቻችን እዚያው ዝቅተኛው እርከን ላይ ወይም ጠርዙ ላይ ነን። ቆጣሪው ግን ስድስት ቤት መሆናችንን አያውቅም። እሱ የሚያየው 300 የሚበላ አንድ ሀብታም ነው። ስለዚህ በውድ እርከን ያስከፍለናል። ቪላ ቤት ብቻውን የሚኖር ሰው 300 ቢጠቀም የሚከፍለውን ነው እኛ ስድስት ቤት ተጨናንቀን የምንከፍለው። ድሀውን እንዲጠቅም የተሠራው እርከን፣ ቆጣሪ የሚጋራውን ድሀ አያገኘውም።

ሁለተኛውን ጉዳት ደግሞ ተመልከቱ። ሒሳቡን ለስድስት እኩል ስናካፍል፣ እኔ ታግዬ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ባድን ለእኔ የሚደርሰኝ 2 ነው። 10ሩ ለጎረቤቶቼ ነው። ጎረቤቴ ምድጃ ለኩሳ ረስታ ገበያ ብትሄድ ደግሞ ከኪሳራው ስድስት እጅ አምስቱን እኛ እንከፍልላታለን። ታዲያ ማን ይቆጥባል? ላጤው አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ነው ያለው። ከፍሪጅ ባለቤቷ እኩል ሲከፍል ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ «እኔ የከፈልኩላችሁን እንጀራ አንድ ቀን እንኳን ቅመሱ አትሉኝም» አለን። አፈርን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጓሮዋ እማማ ነገር ነበር። ሰባ አምስት ዓልፏቸዋል። ወጣቸውን የሚሠሩት በከሰል ነበር። «ለምን በምድጃው አይሠሩም?» ስላቸው «ልጄ፣ ሒሳቡ ከፍ ቢል ሁሉም እኔን ነው የሚያየኝ» ይሉ ነበር። የሰው ዓይን ፈርተው ጭስ ይውጣሉ። ግን የሌሎቻችንን ምድጃ ስድስተኛ እጅ ይከፍላሉ። ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በእጄ ስጽፈው የኖርኩት ይህን ነው።

የየራሳችንን ቆጣሪ ለማስገባት ሞክረናል። የሄድንበትን ቢሮ አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። የቤቱ ውል ይቅረብ ተባልን። የእኔ ውል በሟች ባለቤቴ ስም ነው። የእማማ በእናታቸው ስም። የላጤው ውል የለም፤ የሚኖረው ከተከራይ ተከራይቶ ነው። ቤቶቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጊዜ የተወረሱ ናቸው፣ ወረቀቱም ከዚያ ወዲህ እየተንከባለለ የመጣ ነው። በዚያ ላይ በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ካየን ወዲህ «የእኛስ መቼ ነው?» የማይል የለም። ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ማን ሽቦ ይቀይራል? ማን ኮርኒስ ያሠራል? ሚስማር ለመምታት ወረዳ ማስፈቀድ ያለበት ተከራይ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን ዘዴ ፈጠርን። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ የሚገጠሙ ትንንሽ ቆጣሪዎች አሉ። አዋጥተን ስድስት ገዛን። ከአንድ ሱቅ የገዛናቸው ሁለቱ ጉዳቸው ፈላ፤ አንደኛው ሁሉ ነገር ተነቅሎ እንኳን ይቆጥራል። ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለን። ከሌላ ቦታ ሌላ ገዛን። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው የገጠመልን፤ ይህን አደራ እላለሁ፣ ከዋናው መስመር ጋር ጨዋታ የለም። ከዚያ ወዲህ ወሩ ሲያልቅ ሰባት ቁጥር አነባለሁ፤ የስድስቱ ድምር ከዋናው ጋር ይመሳከራል። ስድቡም ቀነሰ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ላጤው የመጀመሪያ ወሩ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ወጣ። ቁጥሩን ሳነብለት «በእናትሽ ድገሚው» አለኝ። ያን ቀን ለግቢው በሙሉ ቡና እሱ ጋበዘ። የፊት ቤቷ ፍሪጅ ብቻውን ከሁሉ በልጦ ተገኘ። በሩ ላይ ያለው ጎማ ተሰንጥቆ ቅዝቃዜው ሲያመልጥ ነበር። በሩ መካከል ብር አስገብታችሁ ዝጉትና ጎትቱት፤ ሳይይዘው ሾልኮ ከወጣ ጎማው አልቋል። የእሷ መቶ ብር ሾልኮ ወጣ። በማግሥቱ ጎማውን ቀየረችው። ስምንት ዓመት ስናገር ያልሰማችኝ ሴት ናት።

እማማ ደግሞ ሽሯቸውን በኤሌክትሪክ ምድጃ መሥራት ጀመሩ። የእሳቸው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እኔ ደስ ብሎኛል። ከሰሉ ለቡና ብቻ ሆነ፣ እሱም በላቀች ምድጃ ነው። ላቀች፣ ያቺ ውስጧ ሸክላ የተለበጠችው፣ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰልን በሩብ ያህል ትቆጥባለች። ቁጠባ ማለት ቆጣሪው መቀነሱ ብቻ ከመሰላችሁ የእማማን ጓዳ መጥታችሁ እዩ። ይህች ከተማ ከዱሮም የማገዶ ችግረኛ ናት፤ ባሕር ዛፉም በምኒልክ ዘመን የመጣው ማገዶ ስላለቀ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም።

ስለ ማብሰል አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን የነገረችኝ የፊዚክስ አስተማሪ የሆነች የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት። ከፍታው ስለሚበዛ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ባቄላችንና ሽምብራችን አልበስል የሚለው ክፋት ኖሮት አይደለም። ከፈላ በኋላ ምድጃውን የቱን ያህል ብታግሉት ከዚያ አይዘልም፤ እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል። ስለዚህ እህሉን ከማታው ነከር ማድረግ፣ መክደን፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ ማድረግ። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ደግሞ በጣም ይጠቀማል፤ እሱ ታፍኖ ስለሚፈላ ከመቶ ያልፋል። ለሻይ ጠዋት አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ መገልበጥ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ክዳን አልባ ድስት ግን አሁንም በየቤቱ ሲንተከተክ አያለሁ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብርዱ። ጭቃ ቤት ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የቀኑን ሙቀት ይይዛል። የሚያስቸግረው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ሌሊት እንደ በረዶ ይሆናል። እኔ የማዳበሪያ ኮርኒስ ነበረኝ፤ በላዩ ካርቶን ደራርቤ አነጠፍኩበት፣ ከሽቦ ራቅ አድርጌ። ልዩነቱ ይታወቃል። የግድግዳውን ስንጥቅ ደግሞ… አትቀየሙኝ፣ በእናንተው ጋዜጣ ነው የለጠፍኩት። ካነበብኩት በኋላ ነው። ነፋስ አያሳልፍም። ያለፈው ዓመት ርዕሰ አንቀጻችሁ አልጋዬ ራስጌ ይገኛል።

ግን እዚህ ላይ አልቀልድም፦ ቤቱን እንዲህ ደፍኖ ከሰል አስገብቶ መተኛት ሞት ነው። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ዝም ብሎ ይወስዳል። በየክረምቱና በየኅዳሩ እንሰማለን። የምትደፍኑ ከሆነ ከሰሉ ውጭ ይደር።

ሰው ይህን ሁሉ ሳወራ «ግድቡ አልቆ የለ እንዴ፣ አሁን ምን ያስቆጥባል?» ይለኛል። እኔም በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ ቲቪ ላይ እያየሁ እልል ብያለሁ፣ ቦንድም አለኝ። ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው። የግድቡ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለ3,750 ዋት አካፍሉት። 1 ሚሊዮን 370 ሺህ ምጣድ ግድም በአንድ ጊዜ ቢሰካ ግድቡን እንዳለ ይውጠዋል። የበዓል ዋዜማ ጠዋትን አስቡት።

የበዓል ዋዜማ ስል፣ የእኛ ችግር ግድቡ ጋ ሳይደርስ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፣ አምፖሉ ይቀላል። ሰው የሚመስለው «ኃይሉ ስለቀነሰ ቆጣሪውም ይቀንሳል» ነው። ጠጋኙ አስረዳኝ። 220 መሆን ያለበት ቮልት 180 ከሆነ የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 3,750 የነበረው 2,500 ይሆናል። ሸክላው እንደሚገባው አይግልም። የሚገባው ሙቀት ሲያንስ የሚያመልጠው ግን አያንስም። አንዱ እንጀራ ሦስት ደቂቃ የነበረው ስድስት ይፈጃል፣ እሱም ዓይን የለው፣ ጥፍጥፍ። በዝግታ እየከሰርክ መጋገር ማለት ነው። ስለዚህ የምጣድ ዕቁባችን በበዓል ሰሞን ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። እንቅልፍ ያጣው ላጤው ብቻ ነው፤ ኩሽናው ግድግዳው ሥር ነው። በትኩስ እንጀራ እንክሰዋለን።

ገመዱንም እዩት። ምጣድ 17 አምፔር ግድም ይስባል። ከቆጣሪው ወደ ጓሮ የተዘረጋው ሽቦ ስንት ዓመቱ ነው? ቀጭን ነው? በፕላስተር የተቀጣጠለ ነው? ስትጋግሩ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጫፉን ዳሰስ አድርጉት። የሚያቃጥል ከሆነ ሙቀቱ የተከፈለበት ነው፤ እንጀራ ሳይሆን ሽቦ እየጋገራችሁ ነው። የእኛ ሶኬት አንድ ቀን ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተንጠባጠበ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈን።

ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። ስለ አምፖል የጻፋችሁትን ያህል ስለ ምጣድ ጻፉ። የቆጣሪ ታሪፍ የሚመለከታቸውን ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ አንድ ቆጣሪ ላይ ስድስት ቤተሰብ እንዳለ ወረዳው ካረጋገጠ፣ ዝቅተኛው እርከን ለምን በስድስት አይባዛም? 50ው 300 ይሁን። ቆጣሪ አዲስ አያስፈልግ፣ ሽቦ አያስፈልግ፣ አንድ ደብዳቤና አንድ ማህተም ነው። የቤተሰብ ብዛት ዘይትና ስኳር ሲታደል በኩፖን ይቆጠር የለ?

ወዳጄ ከፒያሳ ተነስታ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። የራሷ ቆጣሪ አላት፣ እርከኑም ደርሷታል። ደውላ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው፤ «እዚህ በየቤቱ በየራሳችን እንጋግራለን፣ ብቻዬን ማሟሻዬን እበላለሁ» አለችኝ። የምጣድ ዕቁቡን ሐሳብ ልኬላታለሁ። ሕንፃው ሥር ለጋራ ማብሰያ የተሠራ ክፍል አለ አሉ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እያፈላለገች ነው።

በመጨረሻ፣ አንባቢዎቻችሁ መሃል የሚያውቅ ካለ፣ ያ ፋይበር ግላስ በትንሽ በትንሹ የሚሸጥበት ቦታ ይጻፍልን። ጠጋኛችን ከአሮጌ ኦቭን እየለቀመ ሦስት ምጣድ ሠርቷል፣ አሁን አልቆበታል። የእማማ ምጣድ ተራ እየጠበቀ ነው፤ ድመቷም ወደዚያ ተዛውራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የቆጣሪው ደብተር ያዥ፣ ከሰባ ደረጃ